አራት ደቂቃ

ለምድር ባቡር የጉዞ ሰሌዳ ክፍል።
ጉዳዩ፦ አራት ደቂቃ ስለመለመን።
አመልካች፦ እኛ፣ ከሐይቁ ጥግ ያለን።

እኔ ስንሻው ነኝ፣ የማመልከቻ ጸሐፊ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሰው እሮሮ አትራፊ፤
የድንበር ክስ፣ የቀለብ ክስ፣ የውርስ ጣጣ
በገጽ ሃያ ብር ጻፍኩለት፣ ለስንቱ ደጄ ለመጣ።
ይህን ግን በነጻ ነው። ወረቀቱም የራሴ።
እውነት ለመናገር፣ ግማሹ ጉዳይም የራሴ።

ባቡሩ ከሱዳን ተነሥቶ መተማ ላይ ሲደርስ
ሃያ ስድስት ደቂቃ ይቆማል፣ ፓስፖርት ሲገለጥ፣ ሲመለስ።
ጎንደር ይቆማል፤ ደግ። ደብረ ማርቆስም ይቆማል፤
መካከል ያለነውን ግን በፉጨት ብቻ ይሳለማል።
ዘንዘልማ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣
ከአባይ ድልድይ ሲቃረብ
ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያዘግማል እንደ ሽማግሌ፤
ለብረቱ ተጠንቅቆ ነው፣ ተሳስቶም አይደል ለቀበሌ።

አንጓች ዓሣ ነጋዴ ናት። ቆሮሶዋን በበረዶ
ሸፍና፣ በአይሱዙ ጭና ወደ ጎንደር ትልካለች፣
ባቡሩ ከሚቆምበት። ሌሊቱን ደግሞ ታያለች
ያው ባቡር ያንኑ ዓሣ ይዞ
በደጇ ሲያልፍ፣ የሄደውን መንገድ መልሶ ተጉዞ።
«ዓሣው ከእኔ የበለጠ አገር አየ» ትላለች።

ይርዳው ከገዳሪፍ ሲመጣ፣ በመስኮቱ አሻግሮ
የቤቱን አምፖል አየው፣ የአጥሩንም እንጨት ቆጥሮ፤
የወረደው ግን ማርቆስ ነው። ከዚያ በአውቶቡስ መልሶ
አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጆንያ ላይ፣ የሾፌሩን ጃኬት ለብሶ።

ለመንገደኛውም እኮ ነው። ከፖርት ሱዳን የተነሣ ነጋዴ
ነቅቶ መስኮቱን ቢከፍት፣
«ይህ ባሕር ማን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ
የሚመልስለት ሰው ይኑር፣ ብርቱካንም የሚሸጥለት።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ተረቱ፤
ይህን የተረተ ሰው ጣናን አላየም በሕይወቱ።
ከሰከላ ወርዶ፣ ገና ድንበር ሳይሻገር፣
እዚህ ያድራል አባይ። ከሐይቁ ጋር ሳይነጋገር
ያለፈበት ቀን የለም። አድሮም አልዘገየም፤
«ውሃው አራት ደቂቃ ቀረ» ብሎ የከሰሰ የለም።

መልሳችሁ ደርሶናል፦ «መስመሩ ዓለም አቀፍ ነው፣
ተጨማሪ መቆሚያ ሰዓት ይበላል» የሚል ነው።
ዓለምን ካቀፈማ ክንዱ ስለምን አጠረ
እኛ ጋ ሲደርስ? ባሕር ዳርስ መቼ ከዓለም ቀረ?
ስማችን ዳር ቢሆን፣ ዳር ቁሙ ተባልን እንዴ?

ግማሹ የራሴ ነው ብያለሁ። ወለላ ልጄ
አምስተኛው ፉርጎ ውስጥ ሻይ ትቀዳለች፤ በወር አራቴ በደጄ
ታልፋለች። እኔ ባትሪ ይዤ ከሐዲዱ ጥግ እቆማለሁ፤
እሷ በስልኳ ታበራለች።
«አባባ» ያለችኝ ይመስለኛል። በመስታወት እንዴት እሰማለሁ?
ሠላሳ ሰከንድ ነው። ድልድዩ እስኪያልቅ። ከዚያ ጨለማ፣
ከዚያ እንቁራሪቱ፣ ከዚያ የራሴ ጫማ።

ስለዚህ አራት ደቂቃ። በሩ ይከፈት፤
የአንጓች ዓሣ ይጫን፣ ይርዳው ደጁ ላይ ይውረድ፤
ወለላም ከደረጃው አንድ እግሯን ታውርድ፣
አንዱ ፉርጎው ላይ ይቅር፣ ደንባችሁ እንዳይፈርስ።
አንድ እግር ይበቃኛል።

አባሪ፦
የአንጓች አውራ ጣት አሻራ፣ የቆሮሶ ቅርፊት እንደተለጠፈበት።
የይርዳው የአውቶቡስ ቲኬት።
ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች፣ ሁለት።