አንድ እርካብ

የፊታውራሪ ቦጋለ ተዝካር ያለቀ ለት፣
ወንድማማች ቆሙ ለጉልት፣ ለርስት።
ታላቁ መሬት ያዘ ከአዘዞ እስከ ቀሃ፣
ጋሻና ነጋሪት፣ የመስኖውን ውሃ፣
ጠመንጃውን ያዘ፣ በቅሎዋን ከነልጓም፤
ለታናሹ ሲሆን የተረፈው የለም።
«አንተ ቄስ ትሆናለህ፣ ቄስ ምን ይፈልጋል?
ዳዊትህን ብትይዝ ማን ይከለክላል?»

ገላው አልተቆጣም፣ ወይም አልመሰለም፤
«አንድ እርካብ ስጠኝ» አለ፣ «ሌላ አልጠይቅም።»
አንድ እርካብ። የቀኙን። ብር የተለበጠ።
ሽማግሌው ሳቀ፤ ወንድም ስቆ ሰጠ።

ባሥራ ሁለት ዓመቴ ዳቁኜ በለሳ፣
ቄስ ገላውን ሳውቅ፣ ወሬው ሁሉ ተረሳ፤
እርሻ አራሽ ነበሩ፣ ካባ የሌላቸው፣
ግራር ላይ ተሰቅሎ ነጩ ጥምጣማቸው፣
ከማሽላው መሃል ጎብጠው የማያቸው።
የዋድላው ቅኔያቸው እዚህ ምን ሊበጅ፣
አንበጣ መገዘት፣ ጠብ ማብረድ ነው እንጅ።

ደወል ያልነበረው ያ ሣር ክዳን ደብር፣
ከዋንዛው ቅርንጫፍ፣ በቆዳ ጠፍር፣
እርካቧን ሰቅለዋት በድንጋይ ሲመቷት፣
ቀጭን ድምጿን ነፋስ ቶሎ እየበላባት፣
ሰው ከየማሳው ላይ ቀና ይል ነበር።
«የጌታ ልጅ ሆነው እኛን አልናቁን፣
ያባታቸውን እርካብ ደወል አረጉልን፣»
ይላል ሰው።

እሳቸው አንድ ማታ እግር ሳጥብላቸው፣
«ለእግዜር አይደለም» አሉኝ፣ ውሃው ላይ ዓይናቸው፣
«ወንድሜ በቅሎው ላይ በወጣ ቁጥር፣
እግሩ በቀኝ በኩል ሲያጣት፣ ሲደናበር፣
እንዲያስበኝ ነበር።
ሌላ እንደሚያሠራ ጭራሽ አልታየኝም፤
ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ቂም አርቆ አያይም።
ሁዳዴ በመጣ ይቺን እናዘዛለሁ፤
‹ገና አላወረድካት?› ሲሉኝ ዝም እላለሁ።»

አንድ የሰኔ ቀን ግን ልጅ መጣ ከጎንደር፣
ጭቃ እስከ ጉልበቱ፤ ጨርቅ ጠቅልሎ ነበር።
«አባቴ ሞተዋል» አለ፣ «አደራ አለኝ» አለ፤
ጨርቁን ፈታው። ግራዋ። ብሯም እንዳለ።
ሌላ አላሠሩም ኖሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
በቀኝ ጠፍር አስረው ይወጡ ነበር አሉ።

ቄስ ገላው ዝም አሉ። ዝናቡ ጀመረ።
ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸው ግራዋን ሞከረ፤
አውራ ጣት አልገባም። እርሻው፣ ጭንጫው፣ ቆላው፣
አሳብጦ፣ ሰንጥቆ፣ ሌላ እግር አረገው።

«የልጁን እግር እጠብ፣ መንገደኛ ነው» አሉ፤
በዝናቡ ወጡ፣ ግራዋን እንዳንጠለጠሉ።
ሰዓቱ አልነበረም፣ ቅዳሴም፣ ኪዳንም፤
ሁለቱን አጋጩ። ድንጋይ አላሻቸውም።