ቦራ በነፈሰ ቀን

ትሪየስቴ ላይ ነፋስ ስም አለው።
ቦራ ይሉታል፤ ከድንጋዩ ተራራ በቁጣ ሲወርድ፣
የባሕሩን ግንባር ባረፋ ቀብቶ፣
በረት እንደ ሰበረ ቦራ በሬ መንገድ ለመንገድ ሲያብድ።

ለወንድሜ ለኤርቪኖም ሁለተኛ ስም ወጥቶለታል፤
«ኦቲዝም» ይላል በሦስት ዓመቱ የመጣው ባለማኅተም ወረቀት።
አባባ አራት ቦታ አጥፎ መሳቢያ ከተተው፤
እማማ አውጥታ ለጠፈችው በማቀዝቀዣው ፊት፣
ከጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በላይ፣ ከመብራት ሂሳብ በታች፤
«በስሙ ስንጠራው ይለምደናል» አለች።

እኛ ቤት ማንኪያ ሁሉ የእንጨት ነው፤
ብረት ከሳህን ሲጋጭ ጥርሱ ውስጥ ይገባል።
የበሩ ደወል ከተነቀለ አምስት ዓመቱ፤
እንግዳ ሲመጣ በጣቱ ጫፍ ይቧጥጣል፣
እንግዳ ከመጣ። አክስቴ ፉልቪያ ከገና ወዲህ ቀርታለች፤
«ልጁን ቅጡት» ብላ፣ ያመጣችውን ኬክ ይዛ ወጥታለች።

የሚበላው አንድ ዓይነት ፓስታ ነው፣ ቅርጹ ቀንድ አውጣ፣
ከሰማያዊ ካርቶን። ፋብሪካው አንድ ቀን
ካርቶኑን አረንጓዴ አደረገው።
ልጁ ሦስት ቀን በውኃ ዋለ፤ እኛም አብረን ጦም ዋልን።
በአራተኛው አባባ ከቆሻሻ ገንዳ አሮጌውን ፈልጎ አወጣው።
ይኸው ሁለት ዓመት፣ በፕላስተር እየጠገነ፣
ሌሊት፣ ልጁ ሲተኛ፣ አዲሱን በአሮጌው ይገለብጣል፤
ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ሰው፣ ሃያ ቶን የሚያነሣ እጅ፣
አንዲት ፍሬ ወድቃ እንዳትቀሰቅሰው ትንፋሹን ይውጣል።

እኔ ግን ኦንዲና፣ እኅቱ፣ አሥራ አራት ዓመቴ፣
አውቶቡስ ላይ የክፍሌ ልጆች ሲገቡ
ሦስት ወንበር አልፌ ተቀመጥኩ፣ እንደማላውቀው።
እየተወዛወዘ ፌርማታ ይቆጥራል።
«የማን ነው?» አሉ። «እንጃ» አልኩ።
ዶሮ አልጮኸም፤ የአውቶቡሱ በር ብቻ ነው ሲጥ ያለው።
እሱ መጣና፣ በሁሉም ፊት፣
አገጩን ትከሻዬ ላይ ጫነ።
«አሥራ አንድ» አለኝ።
የእኛ ፌርማታ ነው። ልክ ነበር።

ቦራ በነፈሰ ቀን ወደቡ ይዘጋል፤
ክሬኖቹ ይታሰራሉ፤ አባባ ቤት ይውላል።
በየማዕዘኑ ለሰው መያዣ ገመድ ተዘርግቷል።
እማማ «ዳቦ» አለች፤ ሦስታችን ወጣን።
ሰው ሁሉ ጎብጧል፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዟል፤
ዳኛው ካፖርቱን ተከናንቦ ለብቻው ያወራል፤
የባንኳ ሴትዮ እጇን እያርገበገበች ትሮጣለች።
ማንም ማንንም አያይም።
ያን ቀን ከተማው በሙሉ ወንድሜን መሰለ፤
ወንድሜ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣
የጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ፣
የቤቱን በር እንደ ከፈተ ሰው ዘና አለ።

ከዚያ እጄን መንጭቆ ሮጠ፣
ባሕሩን ሰንጥቆ ወደ ገባው የድንጋይ መንገድ።
ስጮኽ ነፋሱ ድምፄን መልሶ አጎረሰኝ።
አባባ ቀደመኝ፤ ይመታዋል ብዬ ፈራሁ።
ኤርቪኖ በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ከእርጥቡ ድንጋይ አጣብቆ፣
ያዳምጣል።
አባባ ቆመ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው፣
ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ አጠገቡ በሆዱ ተኛ።
ምን እንደ ሰሙ አላውቅም።
ልጁ መሸፈኛውን አንሥቶ ያባቱ ጆሮ ላይ አደረገለት፤
ቀስ ብሎ፣ አባት ልጁን እንደሚያለብስ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።
ግን ማታ ነፋሱ ቀጥ አለ፤ ዝምታው ቤቱን ሞላው፤
ኤርቪኖ ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጭ ጀመር።
እማማ ትራስ ይዛ መሐል ገባች፤ ክንዷ በለዘ።
በመጨረሻ አባባ ከቁም ሣጥኑ አናት
የበጋውን ማራገቢያ አወረደ።
ይኸው በጥር ብርድ፣ ማራገቢያው እያጉረመረመ፣
ካፖርት ለብሰን፣ ቆብ አጥልቀን፣
በእንጨት ማንኪያ እራት እንበላለን።