ሰባት ቁጥር

ማክሰኞ ማታ ነው። ከአይሪሽ ባሕር ማዶ
ነፋሱ በር ይመታል ጨው ለብሶ፣ አብዶ።
የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ
በዚች ትንሽ ከተማ የቀረን ነገር ይህ፦
አንድ የጭቃ ሜዳ፣ የቆርቆሮ መጠለያ፣
ቅዳሜ የሚወጣ አሥራ ሦስት ማልያ።

አሥራ ሁለቱን ጻፍሁ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፤
ሰባት ቁጥር ላይ ግን እርሳሴ አለ ቀጥ።

ሁለት ልጆች አሉኝ ለአንድ ቁጥር ልብስ፣
የሁለቱም ጢም ገና የሚለሰልስ።

ጆስ ሁዳርት ሲነካት ኳሷ ነፍስ ትዘራለች፤
ከዳሌው ተነሥታ ዝም ብላ ትበራለች፣
ተቀባዩ ሳያይ እቅፉ ትገባለች።
ሲሮጥ ያየው ሁሉ ቢራውን ይረሳል፤
አጥር የተደገፈ ሽማግሌ እንኳ ይነሣል።

ሉዊ ቲኒየን ደግሞ አጭር ነው፣ ወልጋዳ፤
ድምፁ ግን ይሰማል ከዳር እስከ ዳር ሜዳ።
"ግራ!" ይላል። "ቆይ!" ይላል። "አሁን!" ይላል።
አባቱ የሚሆነውን ግንባረኛ ያዛል፤
ሰውየውም ይታዘዛል።
ለምን እንደሚታዘዝ አልገባኝም ነበር።

ኮሚቴው ተከፍሎ ሲጮህ አመሸ።
ሉካንዳ ነጋዴው ሃሮልድ ጠረጴዛ ደበደበ፦
"ጆስ ነው! ሰው ሂሳብ ከፍሎ የሚያየው እሱን ነው!"
ገንዘብ ያዡ ሳለ። ስለ ጣሪያው ጥገና አነሣ።
ከዚያ ሁሉም ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤
ወረቀቱ ለእኔ ቀረ።

የዚህ ጨዋታ ሕግ የተገላቢጦሽ ነው፦
ኳሱን ወደ ኋላ ነው የምትሰጠው፣
አንተ ግን ወደ ፊት ነው የምትሄደው።
ሰባት ቁጥር ማለት ሥራው ይኸው ነው፣
አሳልፎ መስጠት። ቃሉን ልብ በለው።
እሱ አሳልፎ ሲሰጥ ይጨበጨብለታል፤
እኔ ልጅ አሳልፌ ስሰጥስ ምን ይባላል?

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ወንበር፣
አንድ ስም አስቀረሁ፤ ልጁ በሩ ላይ ነበር።
ምንም አልተናገረም። ጫማውን በማሰሪያው
ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ዞሮም አላየው።
ዛሬ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ማታ ስሳፈር
"ደህና አመሸህ" ይላል፣ ቀና ሳይል ከመሪው ሥር፤
መልሴን ይሰጠኛል፣ ሳንቲም ሳያጎድል፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መልሴን ይሰጠኛል።

ዶሪን ገባች ያን ጊዜ፣ ማልያ አጣቢያችን፣
ጆንያ እየጎተተች፤ ዝናብ ያራሳት ሴት።
"አልሄድክም?" አለች። ወረቀቱን አየች፣ ባዶውን መስመር።
ሳትቀመጥ ከጆንያው ሁለት ልብስ መዘዘች፣
የእሑዱን ግጥሚያ ሁለት ሰባት ቁጥር፣ ገና ያልታጠቡ፤
ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች።

የጆስ ልብስ ነጭ ነበር። ክርኑ ላይ ትንሽ ሣር።
የሉዊ ልብስ ደረቱ ላይ የሰው ትከሻ ታትሟል፤
ጀርባው ግን ጀርባ አይደለም፣ መሬት ነው።

"እኔ ጨዋታ አላውቅም" አለች፣ "ጭቃ ነው የማውቀው።
ይሄኛው ልጅ ኳሱን ይዞ ይጠብቃል፣
ግዙፉ ሰው እስኪደርስ፣ እስኪያቅፈው፣ እስኪጥለው፤
ያኔ ይሰጣል። እሱ ሲወድቅ ጓደኛው ያልፋል።
ያኛው ቶሎ ይሰጣል፣ ሲያምር፤ ዱላው ግን
ለተቀባዩ ይደርሳል።
የሦስት ቁጥርን ልብስ ላሳይህ? አንገቱ ተቀዷል።"

አላሳየችኝም። ሉዊ ብዬ ጻፍሁ።
እርሳሱ ተሰበረ፤ በጥርሴ ቀርጬ
የአባቱን ስም ጨረስሁ።

ከዚያ ስልክ አነሣሁ፤ ለዚያ ልጅ በር ላይ
አንድ ቃል ሳልነግረው መቅረቴን አስቤ።
ጆስ ዓሣ መጥበሻ ቤት ነው ማታ ማታ የሚሠራ፤
ከኋላው ዘይት ይንጫጫል፣ ሴት ኮምጣጤ ትጣራለች።
ነገርኩት። ዘይቱ ብቻ ተሰማ።
"እሺ" አለ።
ቆይቶ፣ እንደ ሕፃን፦ "ልብሴ ታጥቧል?" አለኝ።

ጠረጴዛውን አየሁት፣ ያን ነጭ ልብስ አየሁት።
"ንጹሕ ነው" አልሁት፤
ሌላ ቃል አጣሁለት።