«ይሻላል» የሚባል ውሻ

ነሐሴ ገብቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣
ጠመኔው ከጣቴ፣ ከጥፍሬ ሥር ለቋል፤
ጥቁር ውሃ ዳር ነኝ፣ ካባቴ ግቢ ነኝ፣
ሰዓት አልሞላሁም፣ ደወል አይጠራኝ።

ሌሊት ዘንቦ ያድራል፣ ጠዋት ግን ያባራል፤
ከዘይቱኑ ጫፍ ላይ ጠብታ ይወርዳል፤
ከቆርቆሮው በላይ አባ ኮዳ ቆሟል
እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣ ራሰ በራ፣ ዝም ብሎ፣
ማንም ያልጠየቀውን ፍርድ በሆዱ አዝሎ።

እናቴ ዳንሴ በጎመኑ መሃል፣
በአጭር በርጩማ ላይ፣ እጇ ጭቃ መስሏል፤
«ማን ዘራህ አንተን?» ትላለች አረሙን ይዛ አቅንታ፣
መልስ እንደሚሰጣት ሁሉ ትጠብቃለች ለአፍታ።
ዱባው አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ወርዷል፣
እትዬ ሹኔ ጋ ሁለት ልጅ ወልዷል፤
«የማን ነው?» ተባብለን ሳንስማማ ቀረን፣
አንዱን ቀቀለችው፣ አንዱን ላከችልን።

ሁለት ውሾች አሉን፤
አንዱ «ማን ያውቃል» ነው፣ ሁለተኛው «ይሻላል»።
አገሬው በውሻ ስም ለሰው መልእክት ይልካል፤
የልቡን ለመናገር ፊት ለፊት የፈራ
ቡችላ ያሳድጋል፣ ማታ ማታ ሊጣራ።
«ማን ያውቃል» የመጣው አጎቴ ሲከሰስ፣
በድንበር ጉዳይ ነው። ነገሩ ሳይጨረስ
ከሳሹም አረጀ፣ መዝገቡም ጠፋ አሉ፣
ውሻው ብቻ ቀረ፣ አንካሳ፣ ከነአመሉ።

«ይሻላል» ግን ሌላ ነው።
እናቴ ታማ የተኛች ዓመት፣ ሐኪሙ ወረቀቱን
እያየ ያወራን ዕለት፣ ሳያይ ፊታችንን፣
አባቴ ዋሪሶ ከቱላ ገበያ ተመለሰ፣
በጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል።
ስሙን ጠየቅነው።
«ይሻላል» አለን። ሌላ ምንም አላለም።
ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ፣ ከብት ሲገባ፣
አጥሩ ሥር ቆሞ ይጣራል፦
«ይሻላል! ይሻላል!»
አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማው ነበር።
ውሻውን ነው የሚጠራው፣ እንል ነበር እኛ።

አሁን ጠዋት ጠዋት አምስቱን ላሞች ይዞ
ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ጭራውን መዝዞ።
ወንድሜ ካያሞ ከአዳማ መጥቷል፣
ለውሻው ልጅና ጥጃ አንድ ሆኖበታል፤
ናሆም ወደ ደንገሉ ፈንጠር ሲል ከመንገድ
ቁምጣውን ጎትቶ ይመልሰዋል በግድ፤
ኤፍራታ ልትደበቅ በቆሎ ውስጥ ብትገባ
ጥጉን ይዞ ይጠብቃል፣ እንደ ባንክ ቤት ዘብ ደርባባ።

ጉማሬ ሲሆን ግን ሌላ ነው ነገሩ፤
ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ተሰበረ አጥሩ፤
ውሾቹ አልጋ ሥር፣ ትንፋሽም የላቸው፣
(ብልህ ናቸው እንጂ፣ ፈሪ አንበላቸው።)
ጠዋት ዱካው ሞልቶ ውሃ ተጠራቅሞ
ናሆም አንሳፈፈ የቅጠል ጀልባ ለቅሞ፤
እናቴ የቀሩትን ጎመኖች ቆጠረች፣
«እሱም ቤተሰብ አለው» ብላ ዘር አነሣች።

ሌላ ምንም አልተፈጠረም በዚህ ወር።
ካያሞ የጣሪያውን ቀዳዳ ደፈነ፤ በሌላ በኩል አፈሰሰ።
በቆሎ ጠበስን። በቆሎ ቀቀልን። ከዚያ ደግሞ ጠበስን።
ስልኬ ሦስት ቀን ሞቶ ነበር፣ ማንም አላለቀሰ።
አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችን በረንዳው ላይ፣
ዝናቡ ሐይቁን አቋርጦ ሲመጣ አየነው፣
በእግሩ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያውቁት እንግዳ፤
ልብስ ለማንሣት የተነሣ አልነበረም።

ጳጉሜ ሦስት ባጃጁ በር ላይ ቆመ።
ሻንጣ ተጫነ፣ አቮካዶ በከረጢት፣ ያ ያከራከረን ዱባ፤
ልጆቹም ከላይ ተጫኑ።
ይሻላል ዞረው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ከዚያ ባጃጁን በደረቱ ገፋው ወደ ግቢው፣
እንደ እምቢተኛ ወይፈን።
መቁጠር አይችልም፤ መጉደልን ግን ያውቃል።
እስከ አስፋልቱ ሮጠ። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቀረ፣
ከባድ መኪና እያለፈበት፣ ጆሮው ተቀስሮ።

አባቴ አጥሩ ሥር ሄዶ ተጣራ፦
«ይሻላል! ይሻላል!»
እናቴ ከጎመኑ መሃል፣ ቀና ሳትል፣
«እሺ፣ ሰምቻለሁ» አለችው።