አጥንት ቆጠራ

ወይን ጠጅ ክዳን ያላቸው ሦስት ብልቃጥ ደም፤
የቡራሳ፣ የዱካሌ፣ የዚያ የአኩራፊው ወንድም።
ስሙን «ሐንካሞ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ሌላውን ተውኩት፤
ስለ እንሰቱ ድንበር፣ ስለ ክሱ፣ ቅጹ ላይ ቦታ አጣሁለት።

ደሙን ሊሰጥ ሲመጣ «ቡራሳን ልየው» አላለም፤
እጅጌውን ሰቀለ፤ «ለእናቴ ስል ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዱካሌ በረንዳው ላይ ናት፤ ሦስተኛ ሌሊቷ ነው፤
ፎጣዋን አጥፋ ተንተርሳ፣ «የእኔ ኩላሊት ነው የሚሆነው፣
አንድ ጀርባ ላይ ታዝለን፣ አንድ ጡት ነው የጠባነው»
ትላለች ለዘበኛው።

ማሽኑ አይሰማም።
ያሞቃል፤ ጥምዝምዙ ክር ተላቆ ሁለት ይሆናል።
ያቀዘቅዛል፤ ብቻውን የቀረው ክር ጥንዱን ይፈልጋል።
ያሞቃል። ያቀዘቅዛል። ሠላሳ ጊዜ፣ ሠላሳ አምስት፤
ሐዋሳ መብራት ሲሄድባት ልቤም ይሄዳል አብሮት።

አባቶች ለጋብቻ አጥንት ሲቆጥሩ ሰባት ቤት ይወጡ ነበር፤
እኔ የምወጣው አንድ ቤት ነው፤ ከአባት አንድ ክር፣ ከእናት አንድ ክር።
ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ በአጭሩ ክንድ ወገን፣
ሥጋ «ይህ የኔ ነው፣ ይህ ባዳ» የሚልበትን
ጥቂት ፊደል፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ በጣቴ እየተከተልሁ፣
ኤን ከኤ፣ ቢን ከቢ፣ ዲአርን ከዲአር እያመሳከርሁ።

ሊነጋጋ ሲል ወጣ።
የዱካሌ፦ ከስድስቱ አንድም።
ደግሜ ሠራሁት።
አንድም።
የሐንካሞ፦ ስድስቱም።

እናትና አባት ሲያድሉ እንዲህ ነው፤ ዓይን የለውም ዕጣው፤
ለምትወደው ባዶ እጅ፣ ለተጣላው ሙሉውን አወጣው።
«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል፤ ማን ይሆን አመዱ?
አምስት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ በአንድ ጎዳና የሄዱ!

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። በአሞራ ገደል በኩል ጀልባ ይራገፋል፤
አንድ አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ቆሞ
እርቅ እንደደከመው ሽማግሌ አቀርቅሯል።

ዱካሌ ተነሣች። ሌሊቱን ሙሉ ፊደል ስለቅም አድሬ
እሷ ግን ፊቴን ባንዴ አነበበችው።
«አልሆንኩም?»
«ሐንካሞ ነው።»

ሳቀች መሰለኝ፤ እንጃ።
ፎጣዋን አራገፈች። ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች።
ቁጥሩ አልተመዘገበም፤
ለካ በቃሏ ይዛዋለች።

ይጠራል።