በኛ ሁለት ሰዓት

በእነሱ ስምንት ነው፤ በአባቴ ቆጠራ ሁለት ሰዓት ማታ።
የቂርያት ጋት ወበቅ ገና አልተገታ፤
እሱ ከሶፋው ጫፍ፣ እኔ ከእግሩ ሥር፣ ሳጥኑ ከፊት፤
ከበሮው ይመታል፤ ቀይዋ መስመር ከታች ትሮጣለች በፍጥነት።
እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "በይ እንግዲህ" ይላል፣
"ምን አሉ? ማን ሞተ? ዳቦ ስንት ገብቷል?"

ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይኸው ነው ሥራዬ፤
የሰው ዕብራይስጥ ይገባል በጆሮዬ፣
አማርኛ ሆኖ ይወጣል ባፌ። ግን ሙሉው አይደለም፤
ጥርስ የሚሰብር አጥንት ለአባት አይቀርብም።
"ሚኒስትሩ" ስለው፣ "ያ ባለ መነጽሩ?" ብሎ ያልፈኛል፤
"ወለድ ጨመረ" ስለው ራሱን ይነቀንቃል፤
"አንድ ወጣት" ካልኩ ግን፣
ከሶፋው ብድግ ብሎ "የማን ልጅ?" ይለኛል።

ትናንት የኛን ሰፈር አሳዩት በመስኮት።
ሠላሳ ሰከንድ። የተሰበረ አግዳሚ፣ ሽቦ፣ የጠፋ መብራት።
ጠዋት የመጣው ባለ ካሜራ፣
አባቴ የተከላት ሮማን ፍሬ ይዛ ስታበራ፣
"እዚህ ብርሃኑ አይሆንም" ብሎ ጀርባውን ሰጣት፤
አስረስን ከቆሻሻው ጋን ፊት አቆመው።
አስረስ አርባ ደቂቃ ተናገረ።
ቃል በቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ አንዲት ሳላጎድል፦
ልጁ ዮታም በፕላስቲክ ፋብሪካ እንዴት ሌሊቱን እንደሚያድር፣
ሲይዙት ኪሱ ውስጥ የእናቱ መድኃኒት እንደነበር፣
በስንተኛው ቀን "ተሳስተናል" ብለው እንደለቀቁት።
አርባውን ደቂቃ በመቀስ ቆረጡት።
ለአገር የተረፈው አንዲት እንባው ናት፣
ከሥሯም በትልቁ፦ "በፖሊስ የሚታወቅ ወጣት።"

"አስረስ ነው እኮ!" አለ አባቴ። "ምን አሉት?"
ምላሴ ደረቀ፤
"ነገ ዝናብ አለ" አልኩት።
"በሐምሌ? እዚህ አገር?"
ገበሬ በዝናብ አይታለል። ዝም ብሎ አየኝ፣
ወሬ ሲነግሩሽ መላ ጨምሪበት እያለ ያሳደገኝ።

ያኔ ማስታወቂያ ገባ፤ ከዜናው ይበልጥ ይጮኻል።
የኛን መልክ የመሰለ ቤተሰብ እርጎ ይበላል፣
ወጥ ቤታቸው ከኛ ቤት ይሰፋል።
እናቲቱ ሹሩባዋን ወዝወዝ አድርጋ ማንኪያ ስትልስ፣
ልጁ ሲስቅ፣ አባት ሲስቅ፣ ውሻው ሳይቀር ሲስቅ።
"እነዚህስ የነማን ናቸው? ሰፈራቸው የት ነው?"
"ተከፍሏቸው ነው፣ አባ።"
"እንዲበሉ? ተከፍሏቸው?"
ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን መልሶ ዋጠው።

"የኛ አዋጅ ነጋሪ" አለ፣ "ነጋሪት ሲጎስም፣
'ያልሰማህ ስማ' ሲል፣ እናውቀው ነበር በስም።
ቢዋሽ፣ ለሐሙስ ገበያ እዚያው እናገኘዋለን፤
በግ ሲገዛ አንገቱን ይዘን፣ 'ያ ወሬህስ?' እንለዋለን።
ይሄን ሳጥን የት ላግኘው? የማን ልጅ ልበለው?"

አልመለስኩለትም።
ያው እርጎ ማቀዝቀዣችን ውስጥ ተደርድሯል፣ አራት ፍሬ፣
ሹሩባዋ የኔን መስሎኝ
ማክሰኞ የገዛሁት፣ ሁለት ሼቅል ጨምሬ።

አባቴ ጫማውን ፈለገ። ሳጥኑን አላጠፋውም፤
ባዶውን ሶፋ ምን እንደሚጎድለው ሲነግረው ትተነው፣
ደረጃውን ወረድን። መብራቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጠፋ፤
ግድግዳውን እየዳሰስን።

አስረስ በሩን ከፈተ፣ ዓይኑ ከምንጣፉ ላይ፤
"አየኸኝ ወይ?" አለው።
"አየሁህ" አለ አባቴ፣ "አልሰማሁህም እንጂ።
በል ከመጀመሪያው።"

ከኋላው ዮታም፣ ለሌሊት ፈረቃው
ዳቦ ይጠቀልል ነበር።
ቀና ብሎ አላየንም።