አለች ይላል መዝገቡ

ቡርጋስ ከገባሁኝ በሦስተኛው ወር ነው፣
ፓስፖርቴን ከመሳቢያ ለባንክ ጉዳይ ሳወጣው፣
አንዲት ነጭ ካርድ አየሁ፣ በሽቦ የተሰፋች፣
እንደ ጉንዳን ነክሳ ገጹን ያልለቀቀች።
ስሜ አለ፦ ራዶስቲና። የገባሁበት ቀን አለ።
የወጣሁበት ሣጥን ግን ባዶውን ተንጋለለ።

ደንቡ እንዲህ ኖሯል፦ ከዚያ አገር ስትወጪ
ካርዷን ለተረካቢ ሰጥተሽ ነው የምታመልጪ።
እኔ መች ከነሱ ምድር በአውሮፕላን መጣሁ?
በሌሊት አውቶቡስ ነው በሞንትሪያል የወጣሁ፣
ርካሽ ትኬት ፍለጋ፣ ተቀምጬ ሳንቀላፋ፣
ቀኝ ጉንጬ መዳፌ ላይ እንደ ሊጥ ሲነፋ።
የካናዳው ዘበኛ ባትሪውን አብርቶ
ፊቴን አየ፣ አዘነ፣ አሳለፈኝ ማኅተም መትቶ።
የወዲያኞቹማ ለወጪ ዓይን የላቸው፤
የሚገባ እንጂ የሚሄድ አያሳስባቸው።

እናም በነሱ መዝገብ አሁንም እዚያው ነኝ፤
ሜይን፣ ባሕሩ ዳር፣ ጉሙ እንደሸፈነኝ፣
በሚስስ ፔልቲየር ሆቴል፣ ክፍል ቁጥር ዘጠኝ፣
አንሶላ እዘረጋለሁ፣ ሳሙናው እየፋጀኝ።
ያቺኛዋ እኔ፣ ቪዛዋ ካለፈ ሰባ ሁለት ቀኗ፤
እኔ ምሳ ስበላ እሷ ነው መባነኗ።
ጥርሷን አያማትም። ደመወዟን ትቆጥራለች።
በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ቁም ሣጥን ትገባለች።

ያቮር ጎረቤቴ፣ በመርከብ ብዙ የዞረ፣
ካርዷን በመነጽሩ ገልብጦ እየመረመረ፣
«እነሱ አይረሱም» አለኝ። «ነገ በራቸውን ስታንኳኪ
ጥርስ ውስጥ ገብተሻል፤ ይልቅ ማስረጃ ላኪ።»
ጥርስ ውስጥ!
ሳቅሁ። ሳቄ በጎደለው በኩል ንፋስ አስገባ።

ግን መውጣት በምን ይመሰከራል?
መግባትስ ማኅተም አለው፣ ጥያቄ አለው፣ ሰልፍ አለው፤
የሄደ ሰው የሚተወው አለመኖሩን ብቻ ነው።
«እዚህ እያየሁሽ የምን ማስረጃ!» አለች እናቴ፣
«ይምጡና ይጠይቁኝ፤ ማነው የበላው ከቤቴ?»
የአውሮፕላኑን ቁራጭ ምድጃ ለኩሳበታለች።
«እንጨቱ እርጥብ ነበር» ብላ ዛሬም ትሟገታለች።
የሞንትሪያሉ ማኅተም ውኃ እንደጠጣ ደብዝዟል፤
ሦስት ይሁን ስምንት ቀኑ፣ እንኳን እነሱን እኔን አወዛግቧል።

የቀረኝ አንድ ደረሰኝ፦
«የላይኛው ቀኝ መንጋጋ፤ አንድ ጥርስ ተነቀለ፤ አርባ አምስት ሌቫ።
ማኅተም። ቀን። ፊርማ፦ ዶክተር ሃጂኮሌቫ።»
በገባሁ በማግስቱ!
የሰው ልጅ ሜይን ተቀምጦ ቡርጋስ ጥርሱን አይነቀልም፤
ይህን ሰምቶ የሚረታኝ ጠበቃ የትም የለም።
አስተርጓሚው ለአንድ ገጽ ስድሳ ሌቫ ጠየቀኝ።
ከመንቀሉ መተርጎሙ ይበልጥ አመመኝ።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁ።
«ክቡራን ሆይ፣ እኔ እዚያ የለሁም» ብዬ ጀመርሁ፤
እንደ ሟች ቃል ሆነብኝ። «ወጥቻለሁ» ስል፣ እንደ ሌባ።
በአምስተኛው ካርዷን፣ ደረሰኙን ይዤ ፖስታ ቤት ስገባ
ሴትዮዋ ሚዛን ላይ ጣለችው፤ «ምንድን ነው ውስጡ?» አለች።
«መውጣቴ» አልኋት።
«ሠላሳ አንድ ግራም» ብላ ጻፈች።

መልስ አይልኩም፤ ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል።
ያቺ «በቃሽ፣ ሂጂ» ተብላ ይሆን? እሱንም መዝገቡ ያውቃል።
የሽቦዋ ንክሻ ገጹ ላይ ሁለት ቀዳዳ ትቷል፤
መስኮት ላይ ስይዘው የጥቁር ባሕር ብርሃን ያሾልካል።
ማታ ማታ፣ ተኝቼ፣ ምላሴ ይሄዳል
ወደ ባዶው የጥርስ ቦታ።
ይዳስሳል። ይመለሳል።